ኮከቡን ሆን ብላችሁ አደብዝዙት



በቤታቸው ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ሰዎች አዘውትረው የሚያቀርቡት ቅሬታ አንድ ነው፤ «ፎከስ አያደርግም» ይላሉ። ወራት ፈጅተው መስታወት የሞረዱ፣ ቱቦ የቆረጡ፣ ለአናጢና ለቶርኖ ቤት የከፈሉ ሰዎች ናቸው። ደመና የሌለባትን የመጀመሪያ ሌሊት ጠብቀው ዓይናቸውን ሲደቅኑ ጁፒተር ጠርዝ የሌላት የብርሃን ጉም ሆና ትታያቸዋለች። ያኔ እጃቸው ወዲያው ወደ ብሎኖቹ ይሄዳል። አንዱን ያጠብቃሉ፣ ሌላውን ያላላሉ፤ ሲነጋ ቴሌስኮፑ ከማታው የባሰ ሆኖ ይገኛል።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም የሚል ሰው ምንም አልተናገረም፤ ይህም ቅሬታ እንደዚያው ነው። ምስል የሚያደበዝዘው ነገር ብዙ ነው። አንዳንዴ የልኬት ስሕተት ነው፣ አንዳንዴ የጠበቀ ብሎን፣ አንዳንዴ የሞቀ አየር፣ አንዳንዴ የመስታወቱ ቅርጽ፤ ሲብስም የተመልካቹ የገዛ ዓይኑ። ደግነቱ እያንዳንዱ ምስሉን የሚያበላሸው በየራሱ መልክ ነው፤ መልኩን ያወቀ ሰው ጥፋተኛውን ይለያል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ብልሽቱን አስተውሉት፤ አልፋችሁም አባብሱት። ኮከቡን ሆን ብላችሁ አደብዝዙት። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ቴሌስኮፕ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አካሉ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ነው፤ መቆሚያው ኮምፔንሳቶ። ቱቦው ታች 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስታወት ተቀምጧል፤ ዋናው መስታወት የምንለው እሱን ነው። ከኮከቡ የመጣው ብርሃን እሱ ላይ አርፎ፣ እየጠበበ ወደ ላይ ተመልሶ፣ በ45 ዲግሪ በተጋደመው ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ይታጠፍና በቱቦው ጎን ወደ ዓይን ሌንሱ ይወጣል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ቴሌስኮፕ አካሄዱ ይኸው ነበር፤ የእሱ መስታወት ግን ከብረት ቅይጥ የተሠራና 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሰፋ ነበር። የእኛው መስታወት ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስበው 1200 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው። የትኩረት ርቀቱ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ማስተካከያውን፣ ማለትም ዓይን ሌንሱን የያዘውን ተንቀሳቃሽ ቱቦ፣ ወደ ውስጥ ስትገፉት ምስሉ እየጠራ ይመጣል፤ እየጠራ፣ እየጠራ፣ «አሁን ደረሰ» ስትሉ ማስተካከያው ቱቦውን ይነካና ይቆማል። ይህ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱም የመስታወቱ አይደለም። ብርሃኑ የሚገናኝበት ቦታ ዓይን ሌንሱ ከሚደርስበት ወደ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከትንሹ መስታወት መሐል እስከ ቱቦው ጎን 100 ሚሊ ሜትር፣ ማስተካከያው ከቱቦው ውጭ የሚይዘው ቁመት 60፣ ለመግፋትና ለመሳብ የሚተው 15፤ ድምሩ 175 ይሆናል። ይህን ከ1200 ስትቀንሱ 1025 ይቀራል። ከዋናው መስታወት ፊት እስከ ትንሹ መስታወት መሐል መኖር ያለበት ርቀት 1025 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሠሪ ግን «1200 ነው ተብያለሁ» ብሎ ሁለቱን መስታወቶች ብዙ ያራርቃቸዋል፤ ከዚያ ችግሩን በዓይን ሌንስ ግዢ ሊፈታ ይሞክራል። ገንዘባችሁን አታባክኑ። ዋናውን መስታወት ከነመቀመጫው 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ከፍ ስታደርጉት ፎከሱም 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ቱቦ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የመቀመጫውን ብሎኖች አዲስ ቀዳዳ ላይ ማሰር ይበቃል።

በስንት መጠጋት እንዳለበት በግምት አትወስኑ። ዓይን ሌንሱን አውጡ፣ ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ አዙሩ፣ ከዚያ ስስ ነጭ ወረቀት ማስተካከያው አፍ ላይ ያዙ። ጨረቃ ወረቀቱ ላይ ትወድቃለች። ወረቀቱን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስታንቀሳቅሱት አንድ ቦታ ላይ ጠርዟ ስል ሆኖ ጥቋቁር ሜዳዎቿ ይለያሉ። በዚህ መስታወት ዲያሜትሯ 10.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፎከሱ ያለው እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ከማስተካከያው አፍ በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ በማስመሪያ ለኩት። ቱቦው ውስጥ ከቀረ መስታወቱን ታስጠጋላችሁ። ከማስተካከያው ወጥቶ አየር ላይ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ አጭር ማራዘሚያ ቱቦ ማስገባት ይበቃል። የዓይን ሌንሶች በመካከላቸው የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ስላላቸው በሁለቱም አቅጣጫ ትንሽ መፈናፈኛ ተዉ።

አደራ፣ ይህን በፀሐይ አትሞክሩት። በ15 ሴንቲ ሜትር መስታወት የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ወረቀት ያነዳል፤ ዓይን ቢያገኝ ደግሞ ሕመም ሳይሰማችሁ ያጠፋዋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ቱቦው ቀን ቀን አፉ ይከደን።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ሰው ቴሌስኮፑን ጨርሶ ሌሊት እስኪመጣ መታገሥ ስለማይችል (ማን ይፈርድበታል?) ቀን ላይ የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ያነጣጥራል። ቅጠሉ ጥርት ብሎ ሲታየው ተደስቶ ይተኛል፤ ማታ ግን ጨረቃ አልጠራ ትለዋለች። ምክንያቱ ቅርብ ያለ ነገር ፎከሱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ነው። ዛፉ 100 ሜትር ላይ ካለ ፎከሱ ለኮከብ ከሚሆነው 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ ይላል፤ 30 ሜትር ላይ ካለ 5 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ለመግፋትና ለመሳብ የተውነው ቦታ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደነበር አስታውሱ። በቀን የጠራ ቴሌስኮፕ በሌሊት ላይጠራ የሚችለው ስለዚህ ነው። የቀን ሙከራ ካስፈለገ ብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ የተራራ ጫፍ ወይም የስልክ ማማ ፈልጉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሜትር ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ፎከሱ እየተገኘ ምስሉ አሁንም ልፍስፍስ ሲል ነው፤ ማስተካከያውን ወዲህና ወዲያ ብታዞሩት «ይኸው ይቺ ናት» የምትሉባት ቦታ ታጣላችሁ። ኮከብ የማደብዘዣው ጊዜ ይኼኔ ነው።

በሰሜን አገሮች የሚጻፉ መመሪያዎች ለዚህ የሰሜን ኮከብን ይመክራሉ። እዚያ ልክ ነው፤ ኮከቡ ከቦታው ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ለፈተና ይመቻል። አዲስ አበባ ላይ ግን የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚነሣው፤ ያውም ጋራና ፎቅ ካልከለለው። በዚያ ዝቅታ ብርሃኑ እጅግ ወፍራም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ይርገበገባል፤ እሱን አይቶ በመስታወት ላይ መፍረድ አይቻልም። ለእኛ የሚሻለው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ከፍታ ያለው ደመቅ ያለ ኮከብ ነው። በ150 እጥፍ ማጉላት ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ከዕይታ ስለሚወጣ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ቱቦውን እየገፋ ሌላው ያያል። ኮከብ መከተል ያሰለቸው ሰው ቀን ላይ የኩሽኔታ ብይ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ከ50 ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ ሆኖ ይመልከት። ብዩ ላይ የምታብለጨልጨው ነጥብ እንደ ኮከብ ታገለግላለች፤ ለርቀቱ ግን ማራዘሚያ ቱቦ ያስፈልጋል።

ኮከቡን ዕይታው መሐል አምጡትና ማስተካከያውን በጥቂቱ ከፎከስ አውጡት። ነጥቡ ይሰፋና ክብ ሰሌዳ ይሆናል፤ ሰሌዳው ላይ እርስ በርስ የተቃቀፉ ስስ ቀለበቶች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጥቁር ክብ ይታያል። ጥቁሩ የትንሹ መስታወት ጥላ ስለሆነ አትደንግጡ፤ መኖርም አለበት። ደማቅ ኮከብ ላይ የሚታየው ባለ አራት ጨረር መስቀልም የትንሹ መስታወት መያዣ ክንፎች የሚፈጥሩት ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ጥቁሩ ክብ ወደ አንድ ጎን ካደላ መስታወቶቹ አልተሰለፉም። ፎከስ ላይ ስትመልሱት ኮከቡ ዕይታው መሐል ሆኖም ባለ ጭራ ይመስላል። የዋናውን መስታወት ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች በሩብ ዙር ብቻ እያዞራችሁ፣ በየዙሩ ኮከቡን ወደ መሐል እየመለሳችሁ ጥላው መሐል እስኪገባ ቀጥሉ። ከብሎኖቹ በታች ጠንካራ ሞላ ካለ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ለስላሳ ጎማ ከሆነ ግን ቱቦው ባዘነበለ ቁጥር መስታወቱ ይንሸራተታል፤ እናንተም በየማታው ስታስተካክሉ ትኖራላችሁ።

ሰሌዳው ሞላላ ከሆነ ማስተካከያውን በፎከሱ አሳልፋችሁ ወደ ሌላው ወገን ውሰዱት። አንደኛው ወገን ላይ ወደ ጎን የረዘመው ሌላው ላይ ወደ ላይ ከረዘመ አንድ ነገር ተጣሟል። ከመስታወቱ በፊት ራሳችሁን ጠርጥሩ፤ ጭንቅላታችሁን ወደ ትከሻችሁ ዘንበል አድርጉት። ሞላላው አብሯችሁ ከዞረ ጥፋቱ የዓይናችሁ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ዓይን መነጽር እንጂ የማስተካከያ ቱቦ አይረዳም። ቅርብ ብቻ ወይም ሩቅ ብቻ የማይታየው ሰው ግን መነጽሩን አውልቆ ማስተካከያውን ለራሱ ቢያዞር ይጠራለታል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ተሰልፎ ሲያይ ሁሉም ለየራሱ ማዞር ያለበት። ቀጥሎ ዓይን ሌንሱን አሽከርክሩት፤ ሞላላው እሱንም ካልተከተለ ወደ ዋናው መስታወት እንወርዳለን።

እዚያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፍርሃት ውጤት ነው። ሠሪው «መስታወቴ ይወድቃል» ብሎ ይሰጋና መያዣዎቹን በኪያቤ ያጠብቃቸዋል። መስታወት የማይታጠፍ ይመስለናል፤ ብርሃን በሚመረምረው ልክ ግን ይታጠፋል። ሦስት መያዣዎች እኩል ሲጨቁኑት የደበዘዘው ሰሌዳ ሦስት ማዕዘን ወደመምሰል ያደላል፤ አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ለመያዣዎቹ መለኪያችሁ ወረቀት ይሁን፤ በመያዣውና በመስታወቱ መካከል አንድ ቅጠል ወረቀት ሳይቀደድ ማለፍ አለበት። መስታወቱ መውደቅ የለበትም፣ መጨነቅም የለበትም። ጀርባውን በሙሉ ሲሊኮን የቀቡትም ተመሳሳይ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ሦስት ትንንሽ ጠብታ ይበቃ ነበር። ብረት በቅዝቃዜ ከመስታወት የበለጠ ስለሚኮማተር፣ ቤት ውስጥ ልክ የነበረ የብረት መያዣ ሌሊት ውጭ ላይ ሊጨቁን ይችላል።

ቅዝቃዜን ካነሣን የሚቀጥለው የሙቀት ነገር ነው። የአዲስ አበባ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ የጠራ ሰማይ ያገኛል፤ በዚያው ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ የዋለ ወፍራም መስታወት ድንገት ሲወጣ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቅና ቱቦው ውስጥ የሞቀ አየር ይተናነቃል። ኮከቡን ስታደበዝዙት ሰሌዳው ላይ ወደ አንድ ጎን የሚያዘግም ጭስ የሚመስል ነገር ይታያችኋል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ቴሌስኮፑን ሲመሽ አውጥታችሁ እራት ብሉ። ለእንዲህ ያለ መስታወት አንድ ሰዓት ገደማ መጠበቅ ነው፤ ከጀርባው ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ ብትገጥሙለት ያፋጥናል። የምትቆሙበት ቦታም ያው ነው፤ ቀን ፀሐይ የጠጣ የኮንክሪት ሰገነት እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተነፍሳል። ሣር ላይ መቆም ይሻላል። ሰሌዳው ላይ ያለው እንቅስቃሴ ፈጣንና መላውን የሚያርገበግብ ከሆነ ግን የሰማዩ አየር ነው፤ ለእሱ መድኃኒት የለውም፣ ሌላ ሌሊት ጠብቁ።

እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው ሰሌዳው ክብ፣ ጥላው መሐል፣ አየሩም የረጋ ሆኖ ምስሉ አሁንም ካልጠራ ወደማንወደው ጥያቄ እንመጣለን፤ ይኸውም የመስታወቱ ቅርጽ ነው። ከፎከሱ ወዲህ ያለውን ሰሌዳ ከወዲያ ካለው ጋር አወዳድሩ። በጥሩ መስታወት ሁለቱ ይመሳሰላሉ። አንዱ ወገን ጠርዙ በደማቅ ቀለበት የተከበበ፣ ሌላው ጠርዙ የሟሟ ከሆነ ከመስታወቱ ዳር የሚመጣው ብርሃንና ከመሐሉ የሚመጣው የሚገናኙት የተለያየ ቦታ ነው። እንዲህ ሲሆን ፎከስ የሚባል አንድ ቦታ የለም፤ የቱንም ያህል ብታዞሩ አታገኙትም።

መስታወት ሲሞረድ በራሱ የሚይዘው ቅርጽ የሉል ቁራጭ ነው፤ የሚፈለገው ግን ፓራቦላ ነው። ኒውተን ፓራቦላ አልሠራም፤ ጆን ሃድሊ እ.ኤ.አ. በ1721 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ መስታወት ወደዚያ ቅርጽ አምጥቶ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። የሁለቱ ቅርጾች ልዩነት በእኛ መስታወት ዳር ላይ 0.3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ማይክሮ ሜትር የ1 ሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው። ያው ስፋት ያለው መስታወት የትኩረት ርቀቱ 750 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ልዩነቱ ወደ 1.2 ማይክሮ ሜትር ያድጋል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። አጭር ቱቦ ለመሸከም ይመቻል፤ ለመጀመሪያ ሠሪ ግን ወጥመድ ነው። ረጅሙን ምረጡ። ሉል ሆኖ ቢቀር እንኳ ሳተርንን ከነቀለበቷ ያሳያችኋል።

ቅርጹን መስታወቱ ቱቦ ውስጥ ሳይገባ መመርመር ይቻላል። ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1858 የገለጸው ፈተና የሚጠይቀው ትንሽ መብራትና ምላጭ ነው። መስታወቱን አቁማችሁ በ2400 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በትኩረት ርቀቱ እጥፍ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ የሚመለሰውን ብርሃን በምላጩ ስትቆርጡት የመስታወቱ ጉብታና ጎድጓዳ በጥላ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ሲበዛም ስሜት የሌለው ዳኛ ነው። ቢሆንም አንዱን ፈተና ብቻ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1990 ወደ ሕዋ የወጣው ሀብል ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር የሚሰፋ መስታወት ነበረው፤ አሠራሩ እጅግ የተዋጣለት ሲሆን ቅርጹ ግን የተሳሳተ ነበር። የመፈተሻው መሣሪያ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊ ሜትር ያለቦታው ተቀምጦ ስለነበር መስታወቱ ዳሩ ላይ 2.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተሞረደ። ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች ስሕተቱን ጠቁመው ነበር፤ «ዋናው ይበልጣል» ተብሎ አልተሰሙም። ሕዋ ላይ ፎከሱ ወዲህም ወዲያም ቢወሰድ ኮከቡ አልሰበሰብ አለ፤ ባለሙያዎቹ በሰኔ ወር ምርመራቸውን ሲያሳውቁ ያነበቡት ከዚያው ከደበዘዘው ኮከብ ነው። ማረሚያው መስታወት በጠፈርተኞች እጅ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ነው። የእናንተን መስታወት ለማረም ግን እንደገና ወደ መሞረጃው መመለስ ይበቃል።

ማስተካከያው ራሱ ሊረሳ አይገባም። በዚህ ቴሌስኮፕ ምስሉ ጥርት ብሎ የሚቆየው ከፎከሱ ወዲህና ወዲያ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 750 ሚሊ ሜትር በሆነው ደግሞ 0.03። ከቧንቧ መገጣጠሚያ የተሠራ ማስተካከያ በእጅ ሲገፋ ይህን ጠባብ ቦታ ዘልሎ ያልፈዋል፤ ያኔ ሰው መስታወቱን ያማል። ልቅ ከሆነ ውስጡን በስስ ፕላስተር ጠቅልሉት፤ ቢቻል ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ብሎንና ዳዶ ተጠቀሙ። ከ300 እጥፍ በላይ ማጉላትም ለዚህ መስታወት አይገባውም፤ የሚጨምረው ድብዛዜ ብቻ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ወንድም «በዓይን ጥሩ ያሳየኛል፣ ካሜራ ስገጥም ግን ፎከስ አጣለሁ» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሌንሳቸው የሚፈታና ውስጣቸው መስታወት ያላቸው (ዲኤስኤልአር) ካሜራዎች ብዙዎቹ ምስል የሚቀበለው ሰሌዳቸው ከመግጠሚያው ከ44 እስከ 46.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ለዓይን ልክ የሆነው ፎከስ ካሜራው ሰሌዳ ላይ አይደርስም። ዋናውን መስታወት 4 ሴንቲ ሜትር ማስጠጋት ይቻላል፤ ያን ስታደርጉ ትንሹ መስታወት ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ5 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ፣ ከ22 ወደ 27 ይሆናል፤ ትንሹ መስታወት ይህን የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ ለኩ፤ ለዓይን ስትመለሱም ማራዘሚያ ቱቦ ታስገባላችሁ። ባርሎ የሚባለው ተጨማሪ ሌንስም ፎከሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጨረቃን ብቻ ማንሳት ለሚፈልግ ግን ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ስልኩን ዓይን ሌንሱ ላይ የሚይዝ የኮምፔንሳቶ መያዣ ለአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።